የአጃ ብስኩት፡- ስሙን ሳይሆን መጠኑን እንመልከት

አጃ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አራስ የጠየቀ ሰው የአጃ አጥሚት ሳይቀምስ አይመለስም፤ ከሕመም የሚያገግም ሰውም በቅድሚያ የሚቀርብለት እርሱ ነው። አሁን አሁን ደግሞ አጃ ከዘቢብና ከቸኮሌት ጋር ተጋግሮ፣ ብስኩት ሆኖ በልጆች ምሳ ዕቃ ውስጥ ይገኛል። «የአጃ ስለሆነ ምንም አይልም» እያሉ ያለ ስጋት የሚመገቡትም አሉ፤ የስኳር ሕመም ያለባቸው ጭምር።

እርግጥ ነው፣ እምነቱ መሠረት አለው። አጃ ቤታ ግሉካን የሚባል በውሃ የሚሟሟ አሰር በውስጡ ይዟል። አጥሚቱን ከሚያወፍሩት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። አሰሩ በአንጀት ውስጥ እየወፈረ የስኳርን ወደ ደም መግባት ያዘገያል፤ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮልም ይቀንሳል። ለዚህ ግን በቀን 3 ግራም ያህል ቤታ ግሉካን ያስፈልጋል። ታዲያ ብስኩቱ ይህን ያህል ይሰጠናል?

ቤት ውስጥ ጋግረን እንየው። ለ24 ትንንሽ ብስኩት 180 ግራም (ሁለት ኩባያ) የተዳመጠ አጃ፣ 120 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ 100 ግራም የገበታ ቅቤ፣ አንድ እንቁላል፣ 65 ግራም (አምስት የሾርባ ማንኪያ) ስኳር፣ 75 ግራም ዘቢብ፣ 50 ግራም የተከተፈ ጥቁር ቸኮሌት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጥቂት ቀረፋና ቁንጥር ጨው ይበቃል። ቅቤውንና ስኳሩን አሽቶ እንቁላሉን መጨመር፣ ከዚያም ደረቁን ሁሉ ማዋሃድ ነው። ሊጡ ከደረቀ ትንሽ ወተት ጠብ ማድረግ ይቻላል። ዘቢቡ እንዳያር አስቀድሞ ለ10 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ይዘፍዘፍ። አጃው እርጥበቱን እንዲመጥ ሊጡ ሩብ ሰዓት ያህል ይረፍ፤ ከዚያም በ180 ዲግሪ ሙቀት ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይጋገራል። ከምድጃው ሲወጣ ለስላሳ ነው፤ አልበሰለም ብሎ መመለስ አያስፈልግም፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። በጾም ወቅት በቅቤው ፋንታ ዘይት፣ በእንቁላሉ ፋንታ በደንብ የበሰለ ሙዝ ይተካል፤ ቸኮሌቱም ወተት የሌለበት መሆን አለበት።

አሁን ወደ ስሌቱ። በ180 ግራም አጃ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን 7 ግራም ገደማ ነው። ለ24 ሲካፈል ለአንድ ብስኩት 0.3 ግራም ይደርሳል። 3 ግራሙን ለማሟላት እንግዲህ 10 ብስኩት መብላት ሊኖርብን ነው! በዚህ ጊዜ ከስኳሩና ከቸኮሌቱ ብቻ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ወደ ሰውነታችን ይገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአዋቂ የሚጨመር ስኳር በቀን 25 ግራም ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ኃይሉም 1 ሺህ ካሎሪ ያልፋል። ያው 3 ግራም ግን ከ75 ግራም አጃ በተሠራ ገንፎ፣ ያለ ምንም ስኳር ይገኛል። ለኮሌስትሮል ብሎ አጃ የሚፈልግ ሰው ገንፎውንና አጥሚቱን ይያዝ፤ ብስኩቱ መክሰስ ነው።

መክሰስ ከሆነ ዘንድ ግን የቤቱ ከሱቁ ይሻላል፤ ስኳሩን የምንሰፍረው እኛው ነንና። የታሸገ የሚገዛ ሰው የይዘት ዝርዝሩን ያንብብ። ዝርዝሩ የሚጻፈው ክብደቱ ከሚበልጠው ተጀምሮ ነው፤ ስኳር ከአጃ ቀድሞ ከተጻፈ ነገሩ የስኳር ብስኩት ነው።

በስኳሩ ፋንታ ቴምር ወይም ዘቢብ ማብዛትም ለስኳር ሕመምተኛ መፍትሔ አይሆንም። ከሁለቱም ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስኳር ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ከምግብ ጋር ቢወስድና የደም ስኳሩን ቢለካ፣ መጠኑንም ከሐኪሙ ጋር ቢመክርበት ይሻላል። ዘቢብ ጥርስ ላይ ስለሚጣበቅ ልጆች ከበሉ በኋላ ውሃ ይጠጡ፤ ትንንሽ ሕፃናትን ደግሞ ሊያንቅ ስለሚችል ለእነርሱ በደቃቁ ይከተፍ።

ግሉተን የማይስማማቸው ሰዎች ከገበያ በተገዛ አጃ ሊተማመኑ አይገባም። በአገራችን አጃ ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚበቅል አጃው ገብስ አያጣውም፤ ገብስ ደግሞ ግሉተን አለው።

24ቱን በአንድ ቀን መጋገርም ግዴታ አይደለም። ግማሹ ሊጥ ተድቦልቡሎ በፍሪዘር ቢቀመጥ በሌላ ሳምንት ይጋገራል፤ ጠረጴዛ ላይ የተከመረ ብስኩት መቼም ሳይበላ አያድርም።