አዋጪና ሐያሲ፦ በመዋጮ በሚሠራ አኒሜሽን ስለ ወጥነትና ስለ ሂስ



የዛሬውን ንግግሬን የቀሰቀሰው ገርጂ ውስጥ በአንድ አነስተኛ አዳራሽ የታየ የሰባት ደቂቃ አኒሜሽን ነው። ወጣቶቹ ሥራውን የጨረሱት የሰፈሩ ነዋሪ ባዋጣው ገንዘብ ነበር። መብራቱ እንደበራ አንድ አባት ተነሥተው «ገንዘባችን ለኩረጃ ዋለ» አሉ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። እኔም ካዋጡት አንዱ ነበርሁ። አስተያየቱ ከፊሉ ልክ፣ ከፊሉ ስሕተት መሆኑን እያወቅሁ ዝም አልሁ። ወጣቶቹ ሁለተኛውን ክፍል አልጀመሩትም። ዛሬ የምናገረው ያኔ መናገር የነበረብኝን ነው።

በቅድሚያ ወጥነት ምንድን ነው? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ጥበቃ የሚሰጠው ሐሳቡ ለተገለጸበት መንገድ እንጂ ለሐሳቡ ለራሱ አይደለም። ስለ እረኛና ስለ ጅብ ማንም ሊሥል ይችላል፤ የሌላውን ሠዓሊ እረኛ ከነፊቱና ከነአለባበሱ መገልበጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

የሥዕል ታሪካችንም ይህን ልዩነት ያሳያል። ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን አማካይነት አገራችን ከገባ በኋላ፣ ሠዓሊዎቻችን ለዘመናት ደጋግመው ሥለውታል። የተዘረጉት ሁለት የቀኝ እጅ ጣቶች እንደ ምንጩ ቀሩ፤ ሰይፍ የያዙት ሚካኤልና ገብርኤል ግን ግራና ቀኝ ቆሙ፣ ቀለሙና የዐይኑ አሣሣልም የእኛ ሆነ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ምንጭ መኖሩ ሳይሆን፣ ሠዓሊው በምንጩ ላይ ምን እንደ ሠራበት ነው።

በዚያ አኒሜሽን የባለታሪኳ ፊትና ፀጉር በእርግጥ ከታወቀ የውጭ ተከታታይ ፊልም የተወሰደ ነበር። ጀርባው ግን የራሳችን መንገድ ነበር፤ የታክሲ ተራው፣ የሸራ ጥላው፣ ቦሌ ሊያርፍ ዝቅ ብሎ የሚያልፈው አውሮፕላን። በሰከንድ ከሚታዩት 24 ምስሎች እያንዳንዱ ሥዕል ሁለቱን ቢሸፍን እንኳ፣ ሰባት ደቂቃ 5,040 ሥዕል ይጠይቃል። ይህን ያህል ድካም በአንድ ቃል መሻር ሂስ አይባልም። ሐያሲ የትኛው ትዕይንት ከየትኛው ሥራ እንደተወሰደ ለይቶ ማሳየት ይገባዋል።

የአዋጪስ መብት እስከ ምን ድረስ ነው? በጣና ሐይቅ፣ በናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ያሠራ ሰው በሥራው ውስጥ ቦታ አለው፤ ብሩሹን ግን የሚይዘው ሠዓሊው ነው። አዋጪ የገንዘቡን ሒሳብና የሥራውን ምንጮች የማወቅ መብት አለው። በሂስ ረገድ ግን ብር ካላወጣው ተመልካች አይበልጥም፤ ሁለቱም የሚመዘኑት በማስረጃቸው ነው።

ስለዚህ ሠሪዎች መዋጮ ከመሰብሰባቸው በፊት የገጸ ባሕርያቱን ንድፍና የተነሡበትን ምንጭ ለሕዝብ ያሳዩ። ፊቱ ሊታረም የሚችለው ያኔ፣ በወረቀት ላይ ሳለ ነው። እኛም የምናውቀውን በጊዜው እንናገር፤ የእኔ ዝምታ ለዚያ አዳራሽ ጭብጨባ ድጋፍ ሆኗልና።