«ወተት የለኝም» ለምትል አራስ

አንዲት ሴት ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው እንበል። ልጁ በኩሯ ነው። ሕፃኑ ይጠባል፣ ጥቂት ይተኛል፣ ነቅቶ ያለቅሳል። እንደገና ይጠባል፣ እንደገና ያለቅሳል። ጡቷን ጨመቅ አድርጋ ስታየው ጥቂት ቢጫ ነገር ብቻ ይወጣል። «እማዬ፣ ወተት የለኝም መሰለኝ» ትላለች። እናቷም ደንግጣ ቅቤ ልታልሰው ወይም ስኳር በውሃ በጥብጣ ልታጠጣው ትነሣለች። ይህን ያላየ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው።

ለመሆኑ ወተት የላትም ወይ? አላት። ያ ቢጫ ነገር እንገር ነው። ጥጃ እንገር ካልጠባ እንደማይጠነክር ሁላችንም እናውቃለን። ለጥጃው የማንነፍገውን ለልጃችን ስንነፍገው፣ «ቆሻሻ ነው» ብለንም መሬት ላይ ስናፈሰው ይገርማል። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ነገር በብዛት አለበት። ማነሱም ጉድለት አይደለም። አዲስ የተወለደ ልጅ ሆዱ ትንሽ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ የሚበቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ወተት በብዛት የሚመጣው ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። በበኩር ልጅ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል።

ወተት የሚመጣው ልጁ ሲጠባ ነው። ሲጠባ የእናቲቱ አንጎል ሆርሞን የሚባሉ ሁለት ነገሮችን ወደ ደሟ ይልካል። አንደኛው ወተት እንዲሠራ ያደርጋል። ሁለተኛው የተሠራው ወተት እንዲወርድ ጡቱን ከውስጥ ይጨምቀዋል። ጥጃው የላሟን ጡት ጎሸም ጎሸም ሲያደርግ ወተቷን እንደምታወርድ ማለት ነው። ላሟ ስትደነግጥ ወይም ያላወቀችው ሰው ሲያልባት ደግሞ ወተቷን ትይዛለች። አራስም ስትጨነቅ ወተቷ ለጊዜው አልወርድ ይላል። «ወተት የላትም» እያሉ አጠገቧ ማንሾካሾክ ለዚህ አይበጅም።

ቅቤና ስኳር ውሃ ሆዱን የሞላው ሕፃን ጡት አይፈልግም። ጡት ካልተጠባ ወተት ይቀንሳል። የፈራነውን በገዛ እጃችን አመጣነው ማለት ነው። በውሃውና በዕቃው የሚገባው ተቅማጥም አለ። «እኛ ቅቤ ልሰን አይደለም ወይ ያደግነው?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ አድገናል። በተቅማጥ የቀሩት ግን መጥተው አይነግሩንም። እስከ 6 ወር ድረስ ሕፃን ከጡት በቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። አብሹንም፣ አጥሚቱንም እናቲቱ ትጠጣው።

አራሷን ሌላም የሚያስፈራት ነገር አለ። ልጁ ሲጠባ ከእምብርቷ በታች ቁርጥ ቁርጥ ያደርጋታል። «ምች መታኝ» የምትልም አለች። ነገሩ ወተት የሚያወርደው ሆርሞን ማሕፀኗንም እየሰበሰበ ወደ ቦታው መመለሱ ነው፤ ደም እንዳይበዛም ይረዳል። ብዙ በወለደች ሴት ሕመሙ ይብሳል። በጥቂት ቀን ይተዋል። ወተቱ ሊወርድ ሲልም ጡቷን ጠቅ ጠቅ ያደርጋታል ወይም ይነዝራታል፤ ከሌላኛው ጡት ይንጠባጠባል፤ ውሃ ይጠማታል። ይህ ሁሉ የማይሰማት ሴትም አለች፣ ግን ወተት አላት።

ጫፉ ከቆሰለና ሲጠባ የሚያስጮህ ከሆነ ልጁ የጎረሰው ጫፉን ብቻ ነው። በአፉ ጥግ ትንሿን ጣት አግብቶ ማላቀቅ፣ ከዚያም አፉን በሰፊው ሲከፍት ጠቆር ያለውን ክብ ጭምር ማጉረስ ነው።

ወተት በብዛት ሲመጣ ጡቷ ይወጠራል፣ ይሞቃል። ቶሎ ቶሎ ማጥባት ያቀለዋል። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ይለሰልሳል። ያኔ ነው ብዙዎች «ደረቀብኝ» ብለው የሚደነግጡት። አልደረቀም፤ ሰውነቷ የልጁን ልክ አውቆ ነው።

ታዲያ መጥገቡ በምን ይታወቃል? በልቅሶ ብቻ አይታወቅም፤ ሕፃን በርዶትም፣ እቅፍ ፈልጎም ያለቅሳል። ጡት ጨምቆ ማየትም አይጠቅምም። ጨርቁን እንይ። ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀንና በሌሊት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ ሽንቱም ነጣ ያለ ከሆነ፣ ጥቁር የነበረው ዓይነ ምድሩም ቢጫ ከሆነ ይበቃዋል። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባቱ ልማዱ ነው እንጂ የረኃብ ምልክት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይከሳል፤ በ2 ሳምንት ገደማ የተወለደበትን ክብደት ይመልሳል። ጤና ኬላ ወስዶ ማስመዘን ነው። በገጠር ቀበሌዎች የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ያያሉ።

ሽንቱ ካነሰ፣ ቀስቅሰውት እንኳ አልጠባም ካለ፣ ዓይኑና ገላው ቢጫ ከሆነ ነገ ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ ነው። እናቲቱም ደም ከበዛባት ወይም ትኩሳት ከያዛት እንዲሁ። ጡቷ ቀልቶ ቢያተኩስ እንኳ ከዚያው ጡት ማጥባቷን አታቋርጥ፤ ወተቱ ሲታጎር ይብስበታል። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ እያለች ታጥባው።