የመጀመሪያው አፕል ቲቪ ሁለተኛ ሥራ

ጎኑ ብርማ፣ አናቱ ነጭ የሆነ፣ ወርዱም ርዝመቱም 20 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ጠፍጣፋ ሳጥን ነው። ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ባይደርስም አንስተው ሲይዙት ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሃርድ ዲስኩም፣ ማራገቢያውም፣ ኤሌክትሪኩን የሚቀይርለት ክፍልም ሁሉ በሆዱ ውስጥ ናቸው። አፕል ይህን ሳጥን እ.ኤ.አ. በማርች 2007 ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው 299 ዶላር ነበር። ሥራውም በኮምፒውተር ላይ የተከማቸውን ፊልም፣ ሙዚቃና ፎቶግራፍ ሳሎን ወዳለው ቴሌቪዥን ማምጣት ነበር። የአፕል መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ ራሱ በዚያው ዓመት ሳጥኑ ለኩባንያው እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ የሚታይ መሆኑን በአደባባይ ተናግሯል።

ዕድሜው ግን አጠረ። በሴፕቴምበር 2010 ሃርድ ዲስክ የሌላት፣ በ99 ዶላር የምትሸጥ ትንሽ ጥቁር ሳጥን ተተካችበት። በ2015 ዩቲዩብ አሠራሩን ሲለውጥ በውስጡ የነበረው የዩቲዩብ ገጽ መሥራት አቆመ። በሜይ 25 ቀን 2018 ደግሞ አፕል የደኅንነት ለውጥ በማድረጉ የአይቲዩንስ መደብር በር ተዘጋበት። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ ከእነዚህ ለውጦች አንዱም ሳጥኑን አለመንካቱ ነው። ፕሮሰሰሩ ይሠራል፤ ዲስኩ ይዞራል፤ ምስልም ድምፅም ያወጣል። የተቋረጠው ሩቅ ካለ ሰርቨር ያገኘው የነበረው ፈቃድ ብቻ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ዕቃ «ተበላሸ» ብሎ መጣል ያሳዝነኛል፤ በተለይ ይህኛው ሌላ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ስለማውቅ።

ስለምን እንዲህ አልኩ? ውስጡን ስንከፍተው የምናገኘው ሙሉ ኮምፒውተር ነውና። በ1 ጊጋኸርዝ የሚሮጥ የኢንቴል ፔንቲየም ኤም ዝርያ ፕሮሰሰር፣ 256 ሜጋባይት ሜሞሪ፣ የኤንቪዲያ ጂፎርስ ጎ 7300 የምስል ቺፕ፣ 40 ወይም 160 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው። ከኋላው ኤችዲኤምአይ፣ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያና አንዲት የዩኤስቢ ቀዳዳ አሉ። በውስጡ የሚሠራውም ሥርዓት ለማኪንቶሽ ኮምፒውተሮች የተሠራው ማክ ኦኤስ ኤክስ ነበር፤ አላስፈላጊው ተቀንሶለት።

የዩኤስቢዋን ቀዳዳ አፕል ያስቀመጠው ለጥገናና ለምርመራ እንጂ ለተጠቃሚ አልነበረም። የሳጥኑ ሁለተኛ ሕይወት የመጣው ግን በእሷ በኩል ነው። ሳጥኑ ሲነሣ ያገኘውን ማንኛውንም ሥርዓት አያስነሣም፤ የአፕልን የራሱን ማስነሻ ፋይል ይፈልጋል፣ ያ ፋይል ደግሞ የማክን ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱን እምብርት፣ ይጠራል። ነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ያገኙት መላ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሥርዓት በማክ ከርነል መልክ አዘጋጅቶ በዚያው ስም ማስቀመጥ ነበር። ሳጥኑ የለመደውን ስም ሲጠራ ሊኑክስ «አቤት» ይላል። ከዚያ በኋላ ማን ምን ማየት እንደሚችል የሚወስን ሩቅ ኩባንያ አይኖርም።

በሊኑክሱ ላይ የሚጫነው የሳሎን ፕሮግራም ዛሬ ኮዲ ይባላል፤ የእሱም ታሪክ ከዚህ ጉዳይ ጋር የተሳሰረ ነው። ፕሮግራሙ የተወለደው በማይክሮሶፍት የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ላይ ነው። ያ መጫወቻ 733 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 64 ሜጋባይት ሜሞሪ ብቻ ነበረው፤ የተሠራውም ለጌም ነበር። በ2002 አካባቢ ጥቂት ወጣቶች ፊልም የሚያጫውት ፕሮግራም ጻፉለት፤ በ2003 ኤክስቢኤምሲ የሚለውን ስም ያዘ፤ ከዚያ ወደ ሊኑክስ፣ ወደ ማክና ወደ ዊንዶውስ ተሻገረ። ኮዲ የተባለው በ2014፣ 14ኛው እትም ሲወጣ ነው። እንግዲህ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያውም ለሌላ ዓላማ በተሠራ ደካማ ማሽን ላይ ያደገ ነው፤ በአፕል ቲቪ 256 ሜጋባይት ላይ መቆም የቻለውም ለዚህ ይመስለኛል። ለዚህ ሳጥን ሊኑክሱንና ፕሮግራሙን አዋሕዶ በማቅረብ በኩል እንግሊዛዊው ሳም ናዛርኮ ብዙ ደክሟል። መጀመሪያ ክሪስታልቡንቱ፣ ኋላም ኦኤስኤምሲ የተባሉትን ዝግጅቶች ለሕዝብ በነፃ አበርክቷል።

አጫጫኑ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። ዝግጅቱን በኮምፒውተር ላይ ወደ ፍላሽ ይጽፉታል። ፍላሹን በሳጥኑ ቀዳዳ ይሰካሉ፤ ሳጥኑን ከኤሌክትሪክ ነቅለው መልሰው ይሰኩታል፤ ከዚያ ከሳጥኑ ጋር በመጣችው ነጭ ሪሞት ላይ ሜኑ የሚለውንና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭነው ትንሽ ይቆያሉ። የፊት መብራቱ ብልጭ ብልጭ ሲል ሳጥኑ ከፍላሹ እየተነሣ ነው። ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። በሃርድ ዲስኩ ላይ የቀረ የድሮ ፎቶ ወይም ሙዚቃ ካለ ግን አስቀድሞ መገልበጥ ግድ ነው፤ አዲሱ ሥርዓት ሲጫን ዲስኩን ይጠርገዋል።

አሁን ወደ ድክመቱ እንምጣ። ይህ ፕሮሰሰር የዛሬውን ባለ 1080 መስመር ፊልም በራሱ ጉልበት መፍታት አይችልም፤ ምስሉ ይንተባተባል፣ ድምፁና ከንፈሩ ይለያያሉ። ለዚህ የነበረው መፍትሔ ብሮድኮም የሠራት ክሪስታል ኤችዲ የምትባል ትንሽ ካርድ ናት። የሳጥኑን የታችኛውን የጎማ ንጣፍ ልጠው፣ ኮከብ አፍ ባለው ካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈትተው፣ የዋይፋይ ካርዱን አውጥተው በቦታው ይተክሏታል። ካርዷ ኤች 264 የተባለውን የምስል አጨማመቅ ራሷ ስለምትፈታ ፕሮሰሰሩ ያርፋል። ዋጋው ዋይፋዩን ማጣት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሳጥኑ በኔትወርክ ገመድ ይኖራል። በ2013 የመጣውን ኤች 265 ግን እሷም አታውቀውም። ኔትፍሊክስን የመሰለ አገልግሎትም ከዚህ ሳጥን መጠበቅ ከንቱ ነው። አዲስ ፊልም ለማየት የሚፈልግ ሰው ርካሽ አዲስ ሳጥን ቢገዛ ይሻለዋል፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

ታዲያ ለምን ይደከምበታል? በብዙ የሐበሻ ቤት ሣጥን ውስጥ፣ በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም፣ የተቀመጠውን አስቡ፤ የሰርግ ካሴት፣ የመልስ ካሴት፣ የክርስትና፣ የምርቃት፣ ከአገር ቤት «እንድታዩን» ተብሎ የተላከ ካሴት። የእነዚህ ቪዲዮዎች ምስል የድሮ ቴሌቪዥን ያህል ነው። ለአፕል ቲቪው የማይከብደው ደግሞ በትክክል ይህ ነው። ምንም ካርድ ሳይጨመርለት፣ በተወለደበት ፕሮሰሰር ብቻ፣ የሰርጉን ቪዲዮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይንተባተብ ያሳያል። ለእኔ የዚህ ሳጥን ሁለተኛ ሥራ እሱ ነው፤ የቤተሰብ መዝገብ ቤት መሆን።

ሳጥኑ እንዲያሳየው ካሴቱ አስቀድሞ ወደ ፋይል መለወጥ አለበት፤ በዚህ ላይ በአሜሪካ ያሉ ቤተሰቦች አንድ እንቅፋት ያውቃሉ። በካሴት ዘመን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ፓል የተባለውን ሥርዓት ይከተል ነበር፤ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ነበር። አንዱ በሰከንድ 25፣ ሌላው 30 ገደማ ምስል ያሳያል፤ የመስመራቸውም ቁጥር ይለያያል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጣ ካሴት በተራ የአሜሪካ ማጫወቻ ሲገባ ምስሉ ይገለባበጣል ወይም ጭራሽ አይታይም። ካሴቱ ተበላሽቷል ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ሁለቱንም ሥርዓት የሚያነብ ማጫወቻና ፓልን የሚቀበል የቪዲዮ መቅጃ ከተገኙ ምስሉ አብዛኛውን ጊዜ ይወጣል። ይህ ሥራ ግን ለነገ የሚባል አይደለም፤ የካሴቱ መግነጢሳዊ ሽፋን በየዓመቱ ይዳከማል፣ ማጫወቻውም ከገበያ ወጥቷል።

የተቀዳውን ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ኤች 264 መጭመቅ ይቻላል። እዚያው ላይ አንድ ነገር አትርሱ፤ የካሴት ምስል በተራ በሚሳሉ ጎዶሎና ሙሉ መስመሮች የተሠራ ስለሆነ፣ ሙሽራዋ ስትንቀሳቀስ ጠርዟ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ይህን የሚያስተካክለውን ምርጫ በኮምፒውተሩ ላይ አስቀድሞ መጠቀም ሳጥኑን ከተጨማሪ ሸክም ያድነዋል። በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ከተጨመቀ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 700 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በ160 ጊጋባይቱ ዲስክ ላይ ከ200 ሰዓት በላይ ይገባል ማለት ነው። ይህም ለአንድ ቤተሰብ ብዙ ነው።

ፋይሎቹ በቤት ኔትወርክ በኩል ከኮምፒውተር ወደ ሳጥኑ ይላካሉ። ለእያንዳንዱ ድግስ አንድ ማኅደር መክፈትና ስሙንና ዓመቱን በግልጽ መጻፍ ይበቃል፤ በማኅደሩ ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ «folder.jpg» በሚል ስም ቢቀመጥ ኮዲ እንደ ሽፋን አድርጎ ያሳየዋል። በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ማከል ለሚፈልግ፣ «ይህ አያትህ ናቸው፣ ይህቺ የአጎትህ ልጅ ናት» እያለ ውጭ አገር ለተወለደ ልጅ ለመጻፍ፣ ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል አቀማመጥ ዘዴ መቀመጥ አለበት። ከዚያ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት፣ ለምሳሌ አቢሲኒካ ወይም የኖቶ ኢትዮፒክ፣ በኮዲ የፎንት ማኅደር ውስጥ ይገባና ከቅንብሩ ይመረጣል። ፊደላችን እርስ በርሱ የማይያያዝ በመሆኑ እንደ ዐረብኛ የተለየ አደራደር አያስፈልገውም፤ ፎንቱ ካለ ጽሑፉ ይነበባል።

ሳጥኑን ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት ለመላክ ለሚያስብም መልካም ዜና አለ። የኤሌክትሪክ ክፍሉ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ትራንስፎርመር አይሻም፤ የሶኬት መለወጫ ይበቃዋል። ከኤችዲኤምአይ ሌላ ያለው የምስል መውጫ ኮምፖነንት ነው፤ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ ብቻ ለሚቀበል አሮጌ ቴሌቪዥን ግን ምስል አይሰጥም።

ጥቂት ጥንቃቄዎች። ሶፍትዌሩ ለዚህ ሳጥን መታደስ ካቆመ ቆይቷል፤ ስለዚህ በቤት ኔትወርክ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ ከውጭ እንዲታይ በሩ አይከፈትለት። የመጥፊያ ቁልፍ የለውም፤ ቆሞም ይሞቃልና ከላዩ ምንም አይደረብበት፣ ለረጅም ጊዜ የማይታይ ከሆነ ይነቀል። ሃርድ ዲስኩ ከሳጥኑ ጋር እኩል ያረጀ ስለሆነ ብቸኛው ቅጂ እዚያ ላይ እንዳይሆን፤ ሌላ ቅጂ በውጭ ዲስክ፣ ቢቻል በሌላ ዘመድ ቤት ይኑር።

ሪሞቷ ስድስት ቁልፍ ብቻ ናት ያላት፤ አራት አቅጣጫ፣ መካከለኛው ማጫወቻና ሜኑ። ለእናትና ለአባት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የበለጠ ለማቅለል ኮዲ ሲነሣ የትኛው ገጽ ይቅደም የሚለውን ቅንብር ወደ ቪዲዮዎች መለወጥ ይቻላል። ያኔ ሳጥኑ ሲሰካ በመሃል ምንም ሳይጠይቅ የድግሶቹን ዝርዝር ያወጣል፤ ወደ ታች ወርዶ የፈለጉትን ሰርግ መጫን ብቻ ይቀራል።