የአንጎራ ጥንቸል መኖ፦ ፀጉር የሚያበቅል፣ ፀጉር የሚጠርግ

አንጎራ ጥንቸል አረፍ ብላ ላያት የተባዘተ ጥጥ ትመስላለች። የእንግሊዝ ዝርያ ከሆነች ፊቷና ጆሮዋ ሳይቀር በፀጉር ስለሚሸፈን፣ ዓይኗን ለማየት ፀጉሩን ገለጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ስሟ የመጣው ቀድሞ አንጎራ ትባል ከነበረችው ከአንካራ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ገብታ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ዓለም ተዛመተች። አዲስ ያመጣት ሰው ሐሳቡ ሁሉ ማበጠሪያውና መቀሱ ላይ ነው። የፀጉሩ ጉዳይ ግን የሚጀምረው ከመኖው ነው።

ፀጉሯ በወር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። የተሠራው ከፕሮቲን ስለሆነ ያለ ፕሮቲን አይበቅልም። ለተራ የቤት ጥንቸል የሚሸጠው እንክብል መኖ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 14 በመቶ ፕሮቲን አለው፤ ለአንጎራ ግን ከ16 እስከ 18 በመቶ ያለው ይመረጣል። በቆሎ፣ ሱፍና ባለቀለም ፍርፋሪ የተቀላቀለበት መኖ አይበጃትም፤ ጣፋጩን እየመረጠች በልታ የሚጠቅማትን ትተወዋለች። ከተሸለተች በኋላ ደግሞ ብርዱን የምትቋቋመው በመብል ነውና መኖዋ ጨመር ይደረግላታል።

ይሁንና እንክብሉ የገበታዋ ትንሹ ክፍል ነው። ጥንቸል ራሷን እየላሰች ስታጸዳ ፀጉር ትውጣለች። ድመት የዋጠችውን ታስመልሳለች፤ ጥንቸል ግን ማስመለስ አትችልም። የገባው ሁሉ በአንጀቷ አልፎ መውጣት አለበት። አንጀቷን የሚያንቀሳቅሰው ረጅም አሰር ያለው ምግብ፣ ማለትም ድርቆሽ ነው። ዕድሜ ልኳን የሚያድገውን ጥርሷንም የሚሞርደው እሱ ነው። ስለዚህ ድርቆሽ ቀንም ሌትም ከፊቷ አይጠፋም።

ድርቆሽና ጭድ አይምታቱ። ጭድ እህሉ ተወቅቶ የቀረ ገለባ ነው፤ ለመኝታ እንጂ ለዋና ምግብነት አይበቃም። ለአዋቂ ጥንቸል በአሜሪካና በአውሮፓ የተለመደው ቲሞቲና ኦርቻርድ የሚባሉት ሳሮች ድርቆሽ ነው። አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ግን ፕሮቲኑም ካልሲየሙም ብዙ ስለሆነ ለግልገሎች፣ ለእርጉዞችና ለሚያጠቡ ይስማማል። ጥንቸል ትርፍ ካልሲየም የምታስወጣው በሽንት ነውና፣ አዋቂዋ አልፋልፋ ካዘወተረች ሽንቷ ደለል ይይዛል፤ ጠጠርም ሊፈጠር ይችላል።

ሲገዙ ከመሐል አንድ ጭብጥ መዘዝ አድርገው ያሽቱት። ጥሩ ድርቆሽ አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ የመስክ ሽታ ያለው ነው። ሲያራግፉት አቧራ የሚያቦን፣ የሻገተ ወይም እርጥበት እርጥበት የሚሸት ከሆነ ይተዉት። እሾህና የሚጣበቅ ፍሬ ያለበትም ለአንጎራ አይሆንም፤ ፀጉሯ ውስጥ ገብቶ ይቋጠራል። በዚሁ ምክንያት የድርቆሽ ማስቀመጫው ከራሷ በላይ አይሰቀል፤ ብናኙ ጀርባዋ ላይ ይረግፋል።

ኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ጋር ይቆጥራታል። እንደ ላም ባታመሰኳም የበላችውን ሁለት ጊዜ ትጠቀምበታለች። በአንጀቷ ውስጥ የተብላላውን ለስላሳ በጠጥ በቀጥታ ከሰውነቷ ተቀብላ መልሳ ትበላለች፤ ፕሮቲንና ቫይታሚን ታገኝበታለች። ይህን ያየ ሰው አይደንግጥ፤ አይከልክላትም።

ይህን ሁሉ የሚያብላሉት በአንጀቷ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ድንገተኛ ለውጥ አይወዱም። ስለዚህ ጥንቸሏን ሲረከቡ የለመደችውን መኖ አብረው ይቀበሉ፤ አዲሱን በጥቂት በጥቂቱ እየቀላቀሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ያሻግሯት። ንጹሕ ውኃ አይጓደልባት፤ ካልጠጣች መብላቷንም ትቀንሳለች። በሳምንት አንድ ቀን እንክብሉን አስቀርተው ለአዋቂዎቹ ድርቆሽና ውኃ ብቻ የሚሰጡ አርቢዎችም አሉ፤ የተዋጠው ፀጉር እንዲጠረግ ነው።

በየማለዳው ማበጠሪያውን ከማንሳትዎ በፊት በጠጧን ይመልከቱ። ትልልቅ፣ ክብና በርከት ያለ ከሆነ ደህና ነች። እንደ ዶቃ በፀጉር ተሰክቶ ከወጣ የዋጠችው ፀጉር በዝቷል ማለት ነውና ድርቆሹን ያብዙላት፤ ፀጉሯንም ያበጥሩላት። በጠጡ ካነሰ ወይም ከጠፋ፣ ወይም ግማሽ ቀን ምንም ሳትቀምስ ከዋለች፣ ነገን ሳይጠብቁ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት።