ከብሬከሩ የሚያመልጠው ጋዝ

በማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ሰርኪዩት ብሬከር ከፍተኛ ኃይል ሲያቋርጥ በመገናኛዎቹ መካከል ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይፈጠራል። በብዙ መሣሪያዎች ይህን ብልጭታ የሚያጠፋው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የተባለ ጋዝ ነው። ቀለምና ሽታ የለውም፣ አይቀጣጠልም፤ ለመሐንዲስ ከዚህ የተመቸ ማግኘት ይከብዳል። ጉዳቱ ከታሸገበት ሲወጣ ነው፦ አንድ ኪሎው በ100 ዓመት ሲሰላ 24 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያህል ሙቀት ያምቃል፤ ከባቢ አየር ውስጥም ለብዙ መቶ ዓመታት ይቆያል።

«መጠኑ ጥቂት ነው፣ ደግሞም ታሽጓል» የሚለውን ክርክር አልንቀውም። ነገር ግን ማሸጊያ ጎማ ያረጃል፤ በጥገናና መሣሪያው ሲወገድም ጋዙ ያመልጣል፤ አንዴ ከወጣ ደግሞ የሚሰበስበው የለም። አማራጩ ውድ ነው፣ ሰፊ ቦታም ይፈልጋል የሚሉ ወገኖች በከፍተኛ ቮልቴጅ ረገድ እውነት አላቸው። በመካከለኛው ግን የቫኪዩም ብሬከር ለአሥርት ዓመታት ተፈትኗል፣ ደረቅ አየርም ለኢንሱሌሽን ያገለግላል። የአውሮፓ ኅብረት እስከ 24 ኪሎ ቮልት ባሉ አዳዲስ መሣሪያዎች ላይ፣ ከውስን ሁኔታዎች በስተቀር፣ ጋዙን ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ያገደው ለዚህ ነው። ዛሬ የሚተከል ብሬከር 30 እና 40 ዓመት ያገለግላል። በአገራችን የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁ ባልደረቦቼ፣ ቢያንስ ለ15 ኪሎ ቮልት መስመሮች ከዚህ ጋዝ ነጻ የሆነ መሣሪያ ጠይቁ።