ማዕረግ ለሁሉ፦ የሲኮች ጥምጥም

በእኛ አገር ጥምጥም ሲታይ ቄስ ወይም ሼህ ነው የሚታሰበው። ሰሜን ሕንድ፣ ፑንጃብ ብትሄዱ ግን ገበሬውም፣ የከባድ መኪና ሹፌሩም፣ ጄኔራሉም ጠምጥሞ ታገኙታላችሁ። እነዚህ የሲክ እምነት ተከታዮች፣ ሲኮች፣ የካህናት መደብ የላቸውም፤ ማንበብ የሚችል ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ቅዱስ መጽሐፋቸውን በጉባኤ ፊት ያነባል። ጥምጥሙም የተወለደው ከዚሁ እምነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1675 ዘጠነኛው መምህራቸው ጉሩ ቴግ ባሃዱር በጊዜው ሕንድን ይገዛ በነበረው በሙጋሉ ንጉሥ በአውራንግዜብ ትእዛዝ ደልሂ ላይ አንገታቸው ተቀላ። ልጃቸው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1699 የመከር በዓል ዕለት፣ አናንድፑር ላይ ምእመናኑን ሰበሰቡ። ትውፊቱ እንደሚተርከው፣ ሰይፍ መዝዘው አንገቱን ለመስጠት የሚደፍር ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሕዝቡ ዝም አለ። በመጨረሻ አምስት ሰዎች ተራ በተራ ወጡ፤ ከመካከላቸው አንዱ ውኃ ቀጂ፣ አንዱ ደግሞ ፀጉር ቆራጭ ነበር። ጉሩው አልገደሏቸውም። በሰይፍ የተማሰለ የስኳር ውኃ አጠጥተው አጠመቋቸው፤ ቀጥሎ እሳቸው ራሳቸው በአምስቱ እጅ ተጠመቁ። ዘርን የሚናገረው የቤተሰብ ስም ተጣለ፤ ወንዱ ሲንግ፣ ማለትም አንበሳ፣ ሴቷም ካውር ተባለች።

ከዚህ የተጠማቂዎች ማኅበር አባል አካል አምስት ነገሮች አይለዩም፦ ያልተቆረጠ ፀጉር፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ የጥጥ ቁምጣና ጎራዴ። ጥምጥም ከአምስቱ አልተቆጠረም። ግን ፀጉር የፈጣሪ ስጦታ ነውና መቀስ አይነካውም ከተባለ፣ በንጽሕና የሚጠብቀው ነገር የግድ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ በሙጋሎች ዘመን ያማረ ጥምጥም የመኳንንት መለያ ነበር። ጉሩው የጌታን ምልክት በውኃ ቀጂ አናት ላይ አዋሉት። ከፍተኛ ድፍረት ነው።

አጠማጠሙ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ፀጉሩ ተበጥሮ አናት ላይ ይቋጠራል። ስሱን የጥጥ ጨርቅ፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሜትር የሚሆነውን፣ ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው፣ ወጥረው በቁመቱ ያጥፉታል፤ ረዳት ያጣ ሰው አንዱን ጫፍ የበር እጀታ ላይ ያስራል። ከዚያ ጫፉን በጥርሱ ነክሶ ይዞ፣ እጥፉን ግንባሩ ላይ ግራና ቀኝ እያደራረበ ይጠመጥማል። ጥንቁቁ ምእመን እንደ ኮፍያ አውልቆ መልሶ አያጠልቀውም፤ ዙር በዙር ይፈታዋል፣ ጠዋትም እንደገና ይጀምራል። ቀለሙን የሚወስን ሕግ የለም። ኒሃንግ የሚባሉት ጦረኞች ሰማያዊ፣ ረጅም ጥምጥም ላይ የብረት ቀለበት ይደረድራሉ። ከ2004 እስከ 2014 ሕንድን የመሩት ማንሞሃን ሲንግም ከሰማያዊ ጥምጥማቸው ተለይተው አይታወቁም ነበር። ብዙ ሴቶች ሻሽ ይለብሳሉ፤ የሚጠመጥሙም አሉ።

ሁለት ወዳጆች ጥምጥም ከተለዋወጡ እንደ ወንድማማች ይቆጠራሉ። አባት ሲሞት ዘመድ ተሰብስቦ የበኩር ልጁን ያስጠመጥመዋል፤ ከዚያ በኋላ የቤቱ ኃላፊነት የእሱ ነው። የሰው ጥምጥም መግፈፍ ከባድ ውርደት ነው።

እኛም ጋ መጥተዋል። በ1868 ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጋር ወደ መቅደላ ከዘመቱት ክፍሎች አንዱ፣ መንገድ እየጠረገ የሚዋጋው 23ኛው የፑንጃብ ሬጅመንት፣ እሮጌ ላይ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ተዋግቷል። ወታደሮቹ ማዝሃቢ የሚባሉ ሲኮች ነበሩ፤ ዘራቸው በሕንድ «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገን ነው። ሃይማኖቱ ዘርን ቢሽርም፣ እንግሊዞች ለብቻ ለይተው ነበር ያሰለፏቸው፤ የሲክ ባለርስቶችም ቢሆኑ ከእነሱ ጋር ማዕድና ጋብቻ በቀላሉ አልተጋሩም። ጥምጥሙ አንድ ሆነ፤ ከበሬታው ግን ዘገየ።

ባሕር ማዶ ደግሞ ሙግቱ ከሕግ ጋር ሆነ። እንግሊዝ በ1976 ጥምጥም የለበሰ ሲክ ያለ ሄልሜት ሞተር ብስክሌት እንዲነዳ ፈቀደች። በ1983 ደግሞ ትምህርት ቤት ጥምጥም የለበሰን ልጅ አልቀበልም ማለቱ ሕገ ወጥ መሆኑን የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ሰጪ አካል ወሰነ። ፈረንሳይ በ2004 ተቃራኒውን መረጠች፤ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከለከለችው።

ሁሉ የሚያውቀው መለያ ለጥቃትም ያጋልጣል። በ1984 የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ በሲክ ጠባቂዎቻቸው ሲገደሉ፣ ደልሂ ውስጥ ባለጥምጥሞች እየታደኑ ተገደሉ፤ ነፍሳቸውን ለማትረፍ ፀጉራቸውን የቆረጡ ብዙ ናቸው። ከመስከረም 2001ዱ የኒውዮርክ ጥቃት በኋላም፣ አሜሪካ ውስጥ በጥምጥማቸው ሰበብ ሙስሊም መስለው የተገደሉና የተደበደቡ አሉ።

ዛሬ ፑንጃብ ውስጥ ያለ ማንም አስገዳጅነት ፀጉሩን የሚቆረጥ ወጣት በርክቷል። በዚያው ልክ የአጠማጠም ውድድር ይካሄዳል፤ አባት ልጁን መስታወት ፊት አቁሞ ያስተምረው የነበረውንም በክፍያ የሚያሠለጥኑ ቤቶች ተከፍተዋል።