ረመዷን ሲገባ ክኒኑ ለምን ይቆማል?

ሐይቅ ከተማ ላይ በረመዷን ማን እንደጾመ፣ ማን እንዳልጾመ ለማወቅ ምርመራ አያስፈልግም። እኩለ ቀን ላይ ውሃ የያዘ ሰው ከሩቅ ይታያል። ወደ አምባሰል ገጠር ስትወጡ ደግሞ ቀን ላይ ከማን ቤት ጭስ እንደወጣ ጎረቤት ያውቃል። እንዲህ ባለ ቦታ «እኔ አልጾምም፣ መድኃኒት ላይ ነኝ» ማለት ቀላል አይደለም። መድኃኒቱ የስኳር ከሆነ «አላህ ያሽርህ» ተብሎ ይታለፋል። የአእምሮ ሕመም ከሆነስ? ሰውየው ሕመሙን ለመንደሩ ይናገር ወይስ ክኒኑን አቁሞ እንደ ሰው ይጹም? ክኒኑን የሚያቆም ሰው ደግሞ ለማንም አይናገርም።

ብዙ ጊዜ ሦስተኛ መንገድ አለ። እሱ ላይ እንደርሳለን። መጀመሪያ ግን «ጾም ለአእምሮ ጥሩ ነው ወይስ ይጎዳል?» የሚለውን እንይ፤ ቲክቶክ ላይ አንዱ «ጾም ድባቴን ይፈውሳል» ይላል፣ ሌላው «ጭንቅላት ያዞራል» ይላል፣ ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው።

ከጤነኛው ሰው እንጀምር። ፊሊፔ ካምፓንቴ እና ዴቪድ ያናጊዛዋ-ድሮት የሚባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። ረመዷን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደፊት ስለሚመጣ፣ ከምድር ወገብ ራቅ ባሉ አገሮች የጾሙ ሰዓት አንዳንድ ዓመት በጣም ይረዝማል፣ አንዳንድ ዓመት ያጥራል። እነሱ ይህንን ልዩነት ተጠቅመው ሙስሊም የሚበዛባቸውን አገሮች አነጻጸሩ። የጾሙ ሰዓት ሲረዝም ኢኮኖሚው ቀዝቀዝ ይላል፤ ሰዎቹ ግን በሕይወታቸው የበለጠ ደስተኛ እንደሆኑ ይናገራሉ። ኪሱ ቀነሰ፣ ልቡ ሞላ እንደማለት ነው። ዮርዳኖስ ውስጥ ከ1986 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ የተመለከተ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በረመዷን ወር ራስን የማጥፋት ሙከራ ከወሩ በፊትና በኋላ ካለው ቀንሶ አግኝቶታል። ጭንቀትና ድባቴን በመጠይቅ የለኩ ሌሎች ጥናቶችም በአብዛኛው ትንሽ መሻሻል ያሳያሉ። ብዙዎቹ ግን ጥቂት ሰዎችን ከጾም በፊትና በኋላ ብቻ የጠየቁ ስለሆኑ፣ «ተረጋግጧል!» ብሎ ፖስት ለማድረግ አይበቁም።

እኛ ጋ የጾሙ ሰዓት ያን ያህል አይለዋወጥም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት አለፍ ሲል ተይዞ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈታል፤ 13 ሰዓት ከምናምን ነው። በበጋ 18 ሰዓት ከሚጾሙት የሰሜን አውሮፓ ሙስሊሞች ጋር ሲተያይ አልሐምዱሊላህ የሚያስብል ነው።

ታዲያ ደስታው ከየት ይመጣል? ከረሃቡ አይደለም። ይሄን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ የ1966ቱንም የ1977ቱንም ረሃብ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በየቤቱ አሉ። ረሃብ ብቻውን ሰውን ይሰብራል። ጾም የሚለየው ሰው መርጦት፣ ትርጉም ሰጥቶት፣ ደግሞም ከሌሎች ጋር የሚያደርገው ስለሆነ ነው። ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ብቻውን የዋለ ሰው መግሪብ ላይ ቴምር ያቀብሉታል፣ ሾርባና ሳምቡሳ ይቀርብለታል፣ ከዚያ ተራዊህ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። 30 ቀን ሙሉ! የብቸኝነት መድኃኒት ቢባል ከዚህ የተሻለ የሚያዝ ሐኪም የለም። ወሎ ላይ ደግሞ ጎረቤቱም አብሮ ይጾማል። በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዷን የካቲት 22 ነበር የገቡት። በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ የመግሪብን አዛን፣ ሌላው የቅዳሴን መውጫ ይጠብቅ ነበር።

አብሮነቱ የሌለበት ጾም ግን ሌላ ነገር ነው። ከሐይቅ ብዙ በማይርቀው የጃሪ መጠለያ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ረመዷንን አሳልፈዋል። ኢፍጣር ላይ የሚቀርበው ነገር ሲያንስና አብሮት ሲያፈጥር የነበረው ዘመድ ሲጎድል፣ ያው ጾም የጎደለውን ቆጥሮ ያስታውሳል። ስለዚህ «ጾም ደስታ ይሰጣል» የሚለው ጥናት ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም።

አሁን ወደሚጎዳው እንምጣ። በጤነኛ ሰው ላይ ስሜትን የሚያበላሸው በአብዛኛው ጾሙ ሳይሆን አጃቢው ነው። አንዱ እንቅልፍ ነው። በረመዷን የሰው እንቅልፍ በአማካይ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ እንደሚቀንስ በተለያዩ አገሮች ታይቷል፤ ተራዊህ ያስመሻል፣ ሱሁር ይቀሰቅሳል። ሁለተኛው ቡና ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታቱና ንዴቱ ከምግብ ማጣት የመጣ ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ካፌይን ነው። ከመጨረሻው ሲኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይብሳል፣ ቢበዛ ከሳምንት ትንሽ አልፎ ይተዋል። ረመዷን ሳይገባ በነበረው ሳምንት ከአቦል፣ ቶና፣ በረካ አንዱን እየቀነሱ መምጣት በጣም ያቀለዋል።

ሦስተኛው ጫት ነው፤ እዚህ ላይ ግልጽ እናውራ። ወሎ ውስጥ ጫት ከወዳጃና ከዱዓ ጋር የቆየ ቦታ አለው፣ ያንን ለመዝለፍ አልመጣንም። ግን በሌላው ጊዜ ከቀትር በኋላ የሚቃመው በረመዷን ከኢፍጣር በኋላ ይሆናል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አእምሮን የሚያነቃው እንደ አምፌታሚን ነው። ማታ 3 ሰዓት የተጀመረ ጫት ሱሁር ላይ ያደርሳል። ሲነጋ የሚመጣው ድብርትና ቁጣ ታዲያ «ጾሙ ከበደኝ» ይባላል። ጾሙ ምን በወጣው!

ይህ ሁሉ ግን ለጤነኛ ሰው የሚያልፍ ነገር ነው። ለባይፖላር ሕመምተኛ አያልፍም። ባይፖላር ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚጋልብበት፣ አንዴ የሚዘቅጥበት ሕመም ነው፤ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ደግሞ እንቅልፍ ማጣት ነው። ካዛብላንካ፣ ሞሮኮ ውስጥ ሊቲየም የሚወስዱ 20 ሕመምተኞች በረመዷን ተጠንተው ነበር፤ ውጤቱ በ2000 እ.ኤ.አ. ወጣ። 45 በመቶ የሚሆኑት አገረሸባቸው፣ አብዛኞቹም ወደ መጋለቡ ነው የሄዱት። የሚገርመው በደማቸው ያለው የሊቲየም መጠን አልተለወጠም ነበር። ተመራማሪዎቹ የጠረጠሩት የቀንና ሌሊቱን መዛባት ነው። በሌላ በኩል ፓኪስታን ውስጥ 62 ሕመምተኞችን የተከታተለ ጥናት እንዲህ ያለ ጉዳት አላየም፤ እንዲያውም የስሜት ምልክቶቹ ቀንሰው አግኝቷቸዋል። ስለዚህ «ባይፖላር ያለበት በፍጹም አይጹም» ማለትም፣ «ምንም አይሆንም» ማለትም አይቻልም። እያንዳንዱ ሰው ከሐኪሙ ጋር ነው የሚወስነው።

ቤተሰብ የሚሸወድበትን ቦታ ደግሞ እንንገራችሁ። በመጨረሻዎቹ 10 ሌሊቶች ሳይተኛ ሲሰግድ ያደረ ሰው እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም ይመሰገናል። ሕመሙ የተነሳበት ሰውም የሚመስለው እንደዚያው ነው። ልዩነቱ ጠዋት ላይ ይታያል። ጤነኛው ሱብሂ ሰግዶ እንቅልፍ ይጥለዋል። የታመመው ለሁለት ለሦስት ቀን ሳይተኛ አይደክመውም፣ ወሬው አይያዝም፣ ያለውን ብር ይበትናል፣ የተለየ ተልእኮ እንደተሰጠው ይናገራል። ድባቴ ያለበት ደግሞ ከተራዊህ ይቀራል፣ ኢፍጣር ላይ አይቀመጥም፣ «አላህ ትቶኛል» ይላል። ሁለቱም የኢማን መብዛት ወይም ማነስ ተደርገው ይታያሉ።

አሁን ሦስተኛው መንገድ። በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አብዛኞቹ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰዱ ናቸው። አንዴ የሆነው ወደ ማታ፣ ሁለቴ የሆነው ወደ ኢፍጣርና ሱሁር ሊዛወር ይችላል። አሚትሪፕቲሊን ድሮም ማታ ነው የሚዋጠው። በየወሩ የሚሰጥ መርፌም አለ፤ ምግብነት የሌለው መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ብዙ ዑለማዎች ይናገራሉ። ማለትም ብዙ ሰው ክኒኑንም ጾሙንም ሳይለቅ ሊያልፍ ይችል ነበር፣ ቢጠይቅ። የሰዓት ለውጡን ግን በራስ ሥልጣን አታድርጉት። በተለይ ሊቲየም ከውሃ ጋር ጥብቅ ጉዳይ አለው፤ ሰውነት ውሃ ሲያጣ ኩላሊት ሊቲየሙን መልሶ ይይዘዋል፣ በደም ውስጥ ያለው መጠን ይጨምራል፣ ይመርዛል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ማቆምም እንዲሁ አደገኛ ነው።

መጾም ለማይችለውስ? እኛ ፈትዋ አንሰጥም፣ ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። ቁርኣን በበቀራ ምዕራፍ 184 እና 185ኛ አንቀጾች ለታመመ ሰው ሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል። ድኖ ቀዷ ማውጣት የማይችለው ደግሞ በየቀኑ አንድ ምስኪን በማብላት ፊድያ ይከፍላል። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ሕመም ነው፤ የሆድና የጭንቅላት ብሎ አልከፈለም። የከፈልነው እኛ ነን። የየመስጂዱ ኢማሞች ከረመዷን በፊት ባለው ጁምዓ «የአእምሮ ሕመምም ዑዝር ነው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ኹጥባ ላይ ቢጨምሩ፣ እኛ ከምንጽፈው መቶ ፖስት ይበልጣል።

ይሄ በሌላ አካባቢ ጥቃቅን ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ሐይቅና ውጫሌ ግን በ2014 ጦርነት መሐል ያለፉ ናቸው፤ ከ2015 ወዲህም ክልሉ አልረጋም። ድንጋጤው እንቅልፍ የነሳቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሕክምና የጀመሩትም ሰበብ ፈልጎ ለማቆም ቅርብ ናቸው። ከሐይቅ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአምባሰል ተራራ ሥር ለሚነሳ ሰው ደግሞ መጀመሪያ አስፋልቱ ጋ መድረስ አለ፤ መንገድ የሚዘጋበት ቀንም አለ።

ስለዚህ ቀጠሮው በሻዕባን ቢሆን ነው የሚሻለው። ስትሄዱ መድኃኒቱን በእጃችሁ ያዙ፣ «መጾም እፈልጋለሁ» ብላችሁ ጀምሩ፣ የሁለቱን ወር መድኃኒት አንድ ላይ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ካስመለሰው፣ ካስቀመጠው ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ መግሪብን አይጠብቅም፤ እዚያው ጾሙን ፈትቶ ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰውም ብቻውን አይተው። ቀዷው በሌላ ወር ይወጣል።